አማና፦ ስለ መልካም ሕይወት ታሪካችን የሚለን

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ለእርሱ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ጀናዛ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰልፉ ከመስተካከሉ በፊት ከሟቹ ቤተሰብ አንዱ ወጣ ብሎ የሚናገረውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በሟቹ ላይ ዕዳ ያለው፣ አደራ ያስቀመጠበት፣ ወይም የተበደለ ሰው ካለ ወደ ቤተሰቡ ይቅረብ ይላል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይባላል። ይህ ዝምታ አጭር ነው፤ ነገር ግን የሰው ዕድሜ በሙሉ የሚመዘንበት ነው። በዚያች ሰዓት ሟቹ ስንት ቤት ሠራ፣ ስንት በቅሎ ነበረው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰው ሐቅ በእጁ ቀርቷል ወይስ አልቀረም?

መልካም ሕይወት ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። አንዳንዱ በዒባዳ ብዛት ይለካዋል። አንዳንዱ በሀብት፣ አንዳንዱም በስምና በዝና ይለካዋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው የእኛው ታሪክ፣ ማለትም የሐበሻ ሙስሊም ታሪክ፣ ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የሰጠው መልስ አማና የሚል መሆኑን ነው። አማና ደግሞ ከሙስሊም ወንድማችን ጋር ብቻ የምንጠብቀው ሳይሆን፣ በተለይ በሃይማኖት ከማይመስለን ጎረቤታችን ጋር የምንፈተንበት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በዚሁ በአገራችን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ የመካ ቁረይሾች በሙስሊሞች ላይ የሚያደርሱት ስቃይ ስለ በረታ ነቢዩ ባልደረቦቻቸውን ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ መከሩዋቸው፤ በዚያ ያለው ንጉሥ በግዛቱ ሰው እንዲበደል የማይፈቅድ ነውና። ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ ልጅ ሩቅያ ይገኙበታል። በኋላም ሌሎች እየተከተሉ ቁጥራቸው ከ80 በላይ ደረሰ። ቁረይሾችም ዐምር ኢብኑል ዓስን ከሌላ መልእክተኛ ጋር፣ ንጉሡ የሚወደውን ቆዳ እጅ መንሻ አስይዘው፣ ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ላኩዋቸው።

ናጃሺ ግን የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አልፈረደም። ስደተኞቹን አስጠርቶ፣ የወገኖቻችሁን ሃይማኖት ትታችሁ የያዛችሁት ይህ ሃይማኖት ምንድን ነው ብሎ ጠየቃቸው። መልስ የሰጡት ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ነበሩ። ይህን ታሪክ ያቆዩልን ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት፣ በኋላም የነቢዩ ባለቤት የሆኑት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ የጃዕፈርን መልስ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አስቀድመው የነበሩበትን ሁኔታ ተናገሩ፤ ጣዖት ያመልኩ፣ ዝምድናን ይቆርጡ፣ ጎረቤትን ይበድሉ፣ ብርቱው ደካማውን ይበላ እንደ ነበር አልደበቁም። ቀጥለውም ነቢዩ ያስተማሯቸውን ዘረዘሩ። አንድ አምላክን ከማምለክ ጋር እውነት መናገርን፣ አደራን መመለስን፣ ዝምድናን መቀጠልን፣ ለጎረቤት መልካም መሆንን፣ ከደም መፋሰስ መራቅን፣ የየቲምን ገንዘብ አለመብላትን ጠቀሱ፤ ሶላትን፣ ዘካትንና ጾምንም አብረው ጠሩ። ሞትና ሕይወት በአንድ ንግግር ላይ ተንጠልጥሎ ባለበት ሰዓት፣ ሃይማኖታችን ምንድን ነው ለሚለው የተሰጠው መልስ ግማሹ ሰው ከሰው ጋር ስለሚኖርበት ሥርዓት ነበር። እስልምና ከዐረብ ምድር ውጭ ለሌላ ሕዝብ ንጉሥ ሲገለጽ የተገለጸው በአደራና በጉርብትና ነው። የተገለጸውም በሐበሻ ምድር ነው።

ናጃሺ እጅ መንሻውን መለሰ፤ ስደተኞቹንም በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው። ኡሙ ሰለማ የሚተርኩት ሌላም ነገር አለ። በናጃሺ ላይ ተቀናቃኝ በተነሣበት ጊዜ ሙስሊሞቹ እጅግ አዘኑ፤ ፍትሕን የሚያውቅ ንጉሥ እንዳይሸነፍ አላህን ለመኑ። በዕድሜ ትንሹ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም በተነፋ አቁማዳ ላይ ተንሳፎ ወንዙን ተሻግሮ የጦርነቱን ወሬ አመጣላቸው፤ ናጃሺ ማሸነፉን ሲሰሙም ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። እንግዶች ነበሩ፤ ቁጥራቸውም ጥቂት ነበር። ነገር ግን ያስጠጋቸው አገር ሰላም የእነርሱም ጉዳይ መሆኑን አወቁ። ጃዕፈርና የቀሩት ጓደኞቻቸው ወደ መዲና የሄዱት በሂጅራ 7ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. 628) ነው። ናጃሺ በሞተ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሩቅ ሆነው ሶላተል ጋኢብ ሰገዱለት።

ይህን ትምህርት ጃዕፈር ያገኙት ከነቢዩ ሕይወት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ከመሆናቸው በፊት በመካ ሰዎች ዘንድ አል-አሚን፣ ታማኙ፣ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ከተላኩም በኋላ የካዷቸው ሰዎች ሳይቀሩ ገንዘባቸውን እርሳቸው ዘንድ ያስቀምጡ ነበር። ሊገድሏቸው በመከሩባት በዚያች የሂጅራ ሌሊት ዐሊይን (ረ.ዐ.) በመካ እንዲቆዩ ያደረጉበት አንዱ ምክንያት የሰዎቹን አደራ ለየባለቤቱ እንዲመልሱ ነው። ነፍሳቸውን ከሚሹ ሰዎች እየሸሹ የእነዚያኑ ሰዎች ገንዘብ አስመለሱ። እንግዲህ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነን ሰው ሐቅ መብላት ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ሙስሊም ካለ፣ ይህን ከየት እንዳመጣው ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ደጋ እንመለስ። ከላስታ በስተምሥራቅ፣ በየጁ ምድር፣ ዳና የሚባለው የዒልም ስፍራ አለ። ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ ጃማ ንጉሥና ገታ ይገኛሉ። በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መቶ ዘመን የጃማ ንጉሡ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ የገታው ሸኽ ቡሽራ፣ የዳናው ሸኽ አሕመድ ኢብኑ አደም ወሎን የዕውቀት አገር አደረጓት። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ስለ 19ኛው መቶ ዘመን የወሎ እስልምና እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ የእነዚህን ዑለማዎች ሥራ በሰፊው መርምረውታል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በምን ቆመ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አማና ነው። ደረሳው ከእናት ከአባቱ ቤት ወጥቶ፣ ኪታቡን በጀርባው አዝሎ፣ ከሸኽ ወደ ሸኽ ይዞር ነበር። የሚያበላው የአካባቢው ሰው ነው። አንዲት እናት ልጇ በሌላ አገር በማታውቃት ሌላ እናት ቤት ራት እንደሚያገኝ አምና ትሸኘዋለች፤ እርሷም ከደጃፏ የቆመውን የሰው ልጅ ታበላለች። ዑለማዎቹ ደግሞ ዕውቀታቸውን ለዐረብኛ አዋቂ ብቻ አላስቀሩትም። በዐረብኛ ፊደል አማርኛ እየጻፉ፣ በመንዙማም እያዜሙ፣ ማንበብ ለማይችለው ገበሬና ለእረኛው አደረሱት። ዕውቀት የተቀበሉት አደራ ነውና ለባለቤቱ፣ ማለትም ለሕዝቡ፣ መለሱት።

ታሪካችን ግን የደስታ ብቻ አይደለም፤ መከራውንም መደበቅ አይገባም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ። ከሕዝቡም አንዳንዱ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ አንዳንዱ ቀን ክርስቲያን መስሎ ሌሊት ይሰግድ ነበር፤ እንደ ሸኽ ጦልሐ ኢብኑ ጃዕፈር ያሉት ደግሞ ተቃውመው ተነሡ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሞቱ፤ የወሎ ሰው ግን ያ ቁስል እያለበት ዝምድናውን አልቆረጠም። ዛሬም በወሎ የልጁ ስም የሙስሊም፣ የአያቱ ስም የክርስቲያን የሆነ ሰው፣ ወይም በአንድ ቤት ወንድምና ወንድም በሃይማኖት ተለያይተው በጉርብትና የሚኖሩ ማግኘት ብርቅ አይደለም። በጉልበት የተለየውን ሕዝብ መልሶ ያገናኘው ሠርግና ለቅሶ፣ ገበያና ጉርብትና ነው።

በዚያ ዘመን በሰሜኑ ደጋ በብዙ ስፍራ ሙስሊሙ የመሬት ርስት አይዝም ነበር። ስለዚህ ንግድና ሽመና መተዳደሪያው ሆኑ። ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው እየጫነ ደጋ የሚያወጣው፣ የሌላውን ሰው ዕቃና ማርትሬዛ ብር ይዞ ወራት የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነበር። ክርስቲያኑ ለበዓል የሚለብሰውን ነጭ ኩታና ጋቢም በብዙ ቦታ የሸመነው የሙስሊም እጅ ነው። አስቡት፤ ርስት የሌለው ሰው፣ ጠብመንጃ የሌለው ሰው፣ ዳኛ የሌለው ሰው በምን ይኖራል? በቃሉ ይኖራል። የሰጡትን ጥጥ ሳያጎድል ሸምኖ ካልመለሰ፣ የተሸከመውን ገንዘብ ካላደረሰ፣ በሚቀጥለው ገበያ የሚያምነው የለም። ለአባቶቻችን አማና የጁምዓ ኹጥባ ርእስ ብቻ አልነበረም፤ እንጀራቸውም ነበር። ሙጠፊፊን የተባለችው የቁርኣን ሱራ ሚዛን ሰራቂዎችን በመውቀስ መጀመሯ ለእነርሱ በየገበያው ቀን የሚያስታውሱት ነገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አማናን መጠበቅ ማለት በደልን ዝም ብሎ መቀበል ነውን? አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች በሰላም ወጥተው እኩልነታቸው እንዲታወቅ፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች መባሉ ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንዲባሉ፣ በዓላቸውም እንዲከበር ጠየቁ። ከክርስቲያን ወንድሞችም አብረዋቸው የተሰለፉ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ዒደል ፈጥር፣ ዒደል አድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ፤ በዚያው ዓመት የካቲት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ለሙስሊሙ ገበሬ እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት የመያዝ መብት ሰጠው። የራሱን ሐቅ በሥርዓት መጠየቅና የሌላውን ሐቅ ማክበር አብረው የሚሄዱ ናቸው። የሌላውን የሚበላ ሰው ሐቄ ተበላ ብሎ ሲጮኽ የሚሰማው የለም።

አማና ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ግን በችግር ቀን ነው። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት፣ የከብት በሽታ ገብቶ በሬን የፈጀበት የ1880ዎቹ መጀመሪያ ረኀብ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ዳግም ተራበች። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረችው በቆረም የታየው እልቂት በቴሌቪዥን በዓለም ሁሉ ታየ። በእነዚያ ቀኖች ከሰው ጋር የቀረችውን እፍኝ እህል ለጎረቤት ያካፈለ ነበር፤ የተራበን ሰው ማሳና ጌጥ በቁና እህል የገዛም ነበር። ሁለቱም አልፈዋል። የመጀመሪያውን ሰው ልጆቹ በኩራት ያነሡታል፤ የሁለተኛውን ልጆቹም ቢሆኑ ስሙን አያነሡትም።

እኛም የራሳችንን ፈተና አይተናል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ የላሊበላ እንግዳ ተቋረጠ፤ በእንግዳ ይኖር የነበረው ቤት ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እጁ ባዶ ሆነ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከተማችን በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆየች። መንገድ ሲዘጋ በመጋዘን ያለ አንድ ኩንታል ጤፍ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ነጋዴ ሁለት መንገድ አለው። ወይ ዋጋው እስኪሰቀል ይቆልፍበታል፤ ወይ በሚገባው ዋጋ አውጥቶ ይሸጠዋል፤ ለሌለውም በዱቤ ይሰጠዋል። ሰው የሚፈልገውን ምግብ ዋጋው እንዲወጣ ብሎ ማከማቸት በሸሪዓችን ኢሕቲካር የተባለ የተከለከለ ሥራ ነው። የሚገዛው ሙስሊም ነው ወይስ ክርስቲያን የሚል ልዩነትም የለበትም። በዚያ ሰዓት የቆለፈ ሰው ካለ ተውበት ያድርግ፤ ያጎደለው ካለም ይመልስ። የከፈተ ካለ ደግሞ አላህ ይቀበለው፤ ከተማው አይረሳውም።

ምናልባት ከአንባቢያን አንዱ፣ እኔ አምስት ወቅት እሰግዳለሁ፣ እጾማለሁ፣ ዘካት አወጣለሁ፣ ይህ አይበቃኝምን ይል ይሆናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለባልደረቦቻቸው ስለ እውነተኛው ከሳሪ ያስተማሩትን ያስታውስ። እርሱ ገንዘብ ያጣው ሰው አይደለም፤ በቂያማ ቀን ሶላትና ጾም፣ ዘካትም ይዞ መጥቶ፣ ነገር ግን ይህን ሰድቦ፣ የዚያን ገንዘብ በልቶ፣ ሌላውን መትቶ ስለ ነበር መልካም ሥራው ለተበደሉት እየታደለ የሚያልቅበት ነው። ዒባዳው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ዒባዳው ያፈራው ሀብት ቀዳዳ ባለው ከረጢት ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሩቅ ሳንሄድ በየቤታችን እንመርምር። ያለ ምስክር በቃል የተበደርነው ገንዘብ አለን? አበዳሪው ሞቶ ልጆቹ የማያውቁት ቢሆንስ? ለእኅቶቻችን ከአባታችን ውርስ የሚገባቸውን ሰጥተናል፣ ወይስ ባል አግብታለች ብለን በልተነዋል? የየቲም ገንዘብ በእጃችን አለ? ሚዛናችን ትክክል ነው? ለቅሬ ተጠርተን ሟቹ ክርስቲያን ነው ብለን ቀርተናል? በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ አፈር ሲቀባበሩ፣ በሠርግም አንዱ ለሌላው ወገን ለየብቻ ከብት ሲያሳርድ ኖሯል። እምነታችንን ሳንቀላቅል ጉርብትናችንን ጠብቀን መኖር ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው። ጥለነው ብንሄድ ለልጆቻችን መልሰን ልንገዛው የማንችለው ነገር ነው።

በእኛ ከተማ ቁጥራችን ጥቂት ነው። ጥቂት የሆነ ሰው ደግሞ አንዱ ያጠፋው በሁሉም ይነገራል፤ አንዱ የሠራው መልካምም ሁሉንም ያስከብራል። በናጃሺ ፊት የቆሙትም ጥቂት ነበሩ። ጃዕፈር የተናገሩት ቃል የታመነው ኑሯቸው ስላልካደው ነው።

ይህ ዓይነቱ ኑሮ ደስታ የለውም የሚል ካለ ተሳስቷል። ማታ ሲተኛ የማንም ሰው ገንዘብ በራስጌው የሌለ፣ በገበያ ሲሄድ የሚሸሸው ፊት የሌለው፣ ልጁን በማንም ጎረቤት ደጅ ሊያሳድር የሚችል ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ሀብት አለው? ትንሽ ያለው ሰው ይህን ሊያገኘው ይችላል፤ ብዙ ያለውም በገንዘቡ ሊገዛው አይችልም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ በቀረበ ጊዜ፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን እኔ እወስዳለሁ እስኪሉ ድረስ ራሳቸው አልሰገዱበትም። እንግዲህ አንድ ቀን በእያንዳንዳችን ጀናዛ ፊት ያ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ዝምታውም ይመጣል። ያን ጊዜ የሚናገር ሰው እንዳይኖር፣ መናገር ያለበትን ዛሬ በሕይወት ሳለን ሄደን እንጠይቀው። ብድሩን እንመልስ፤ ያስቀየምነውን ዐፉ በለኝ እንበል፤ አደራውን ለባለቤቱ እናድርስ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ለሞቱት አባቶቻችንና እናቶቻችን ይዘንላቸው። አገራችንን ሰላም፣ ዝናባችንን ረድኤት፣ ገበያችንን ሐላል ያድርግልን። ጎረቤቶቻችንን ከእኛ ክፋት፣ እኛንም ከክፋት ሁሉ ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።